ጓዝ ከደብረ ታቦር ሲነሣ፦ ለሩቅ መንገድ የታመነ የጭነት መኪና አመራረጥ

ዝውውር የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው በሚሄድበት ከተማ ስለሚከራየው ቤት ነው። የዕቃው ነገር የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ለመነሣት ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀር ነው። ያኔ ደላላ ይጠራል፤ ደላላው አንድ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ዋጋው በቃል ይነገራል፤ ዕቃው በጥድፊያ ይወጣል። አልጋው፣ ቡፌው፣ ማቀዝቀዣው፣ የልጆቹ መጽሐፍ፣ ከእናት የተሰጠ ሞሰብ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪት ሁሉ የአባቱ ስም እንኳ ላልተጠየቀ ሹፌር ተሰጥቶ ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያንን ጥድፊያ ለማስቀረት ነው። ከደብረ ታቦር፣ ከጋፋት፣ ከፋርጣና ከአካባቢው ደጋ ቤታቸውን ጠቅልለው ለሚነሡ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ነጋዴዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ ማጓጓዝን ሥራዬ ብለው የያዙ፣ ካርቶንና የራሳቸው ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች አሉ። በእኛ አካባቢ ግን ዕቃዎን የሚያነሣው በአብዛኛው የአንድ ግለሰብ ንብረት የሆነ አይሱዙ ነው፤ አብሮት ያለው ሹፌርና ረዳት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ አስተማማኝ አጓጓዥ አገኘሁ የሚሉት ባለመኪናውን ሲያውቁት፣ ሹፌሩን ሲያውቁትና የተፈረመ ወረቀት በእጅዎ ሲይዙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይጫኑ፤ ጉዞው በሳምንት ቢዘገይ ይሻላል።

ዕቃዎን ሳይመዘግቡ ዋጋ አይጠይቁ

አንድ ደብተር ይያዙና ክፍል በክፍል እየገቡ ይመዝግቡ። ለባለመኪናው የጭነቱን ትክክለኛ መጠን የሚነግሩት ከዚህ ዝርዝር ነው፤ በኋላም ከውሉ ጋር የሚያያዘው ይኸው ዝርዝር ነው። ስለዚህ «የወጥ ቤት ዕቃ» ብለው አይለፉት። «ካርቶን ቁጥር 4፦ ሰሃን 24፣ ብርጭቆ 12፣ ድስት 5» ብለው ይጻፉ፤ ያንኑ ቁጥር በካርቶኑ ላይም በወፍራም እስክሪብቶ ያስፍሩ። የማቀዝቀዣውን፣ የቴሌቪዥኑንና የልብስ ማጠቢያውን ዓይነትና መለያ ቁጥር ከጀርባቸው ይገልብጡ። በየዕቃው ትይዩ ዛሬ ገበያ ላይ የሚያወጣውን ግምት በብር ይጻፉ። ቀድሞ የተጫረ፣ የተሰነጠቀ ወይም እግሩ የላላ ዕቃ ካለ እሱንም ሳይደብቁ ያስፍሩ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ የሚታመነው ዝርዝሩ ሐቀኛ የሆነ ሰው ነው። በመጨረሻም ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

መዝግበው ሲጨርሱ የማይሄደውን ይለዩ። እዚህ ላይ ልብ ጠንከር ማለት አለበት። የዋንዛ ቡፌ ወይም የጽድ ሣጥን ካለዎት ይዘውት ይሂዱ፤ የሚተካው አያገኙም። ከቺፑድ የተሠራ ቁም ሣጥን ግን ሲፈታና ሲገጠም ብሎኑ የሚይዝበት ቦታ ይላላል፤ ብዙውን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ሸጠው ከደረሱ በኋላ ሌላ መግዛት ይበጃል። ለዓመት ቀለብ ያስቀመጡት ጤፍና ገብስ ካለም ያስቡበት። ጥቂት ኩንታል ለቤት ፍጆታ ነው ቢሉ ይታመናል፤ እህሉ ከበዛ ግን ጭነቱ የነጋዴ ይመስላል፣ በየኬላው ጥያቄ ያበዛብዎታል።

ከዚህ ጎን ለጎን ከቀበሌዎ መሸኛ ያውጡ። በሚሄዱበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ለመመዝገብ ያስፈልግዎታል፤ በመንገድም ላይ የጫኑት የገዛ ቤትዎን ዕቃ መሆኑን ለማስረዳት ይረዳል። የዝውውር ደብዳቤ ካለዎት ቅጂውን ከመሸኛው ጋር አያይዘው አንዱን ለሹፌሩ ይስጡ፣ ሌላውን እርስዎ ይያዙ።

መኪናው ከየት ይገኛል

በአብዛኛው የሚቀርቡልዎት ሁለት ዓይነት የአይሱዙ መኪናዎች ናቸው። ትንሹ ኤን ፒ አር 35 ኩንታል ገደማ ይጭናል፤ ትልቁ ኤፍ ኤስ አር 50 ኩንታልና ከዚያ በላይ። የቤት ዕቃ ግን ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። ሶፋና ፍራሽ ኩንታል ባይመዝኑም ካሶኒውን ይይዙታል። ስለዚህ ሹፌሩ «ይበቃል፣ ይበቃል» ሲልዎት ሜትር ይዘው የካሶኒውን ርዝመትና ወርድ ይለኩ፤ ከዝርዝርዎ ትልልቆቹን ዕቃዎች በወረቀት ላይ ይደርድሯቸው። የሁለት ክፍል ቤት ዕቃ ብዙ ጊዜ ኤን ፒ አር ላይ ያልቃል። ሦስትና አራት ክፍል ከሆነ ትልቁን ይያዙ፤ ዕቃ ተርፎ በሁለተኛ መኪና መላክ ከሁሉም የከፋ ወጪ ነው።

ዋጋው የሚረክሰው በመልስ መኪና ነው። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ፣ ሲሚንቶና ቢራ ጭኖ የመጣ መኪና ባዶውን ከመመለስ የእርስዎን ዕቃ በቅናሽ መጫን ይመርጣል። ደብረ ታቦር ውስጥ የጅምላ መጋዘን ያላቸውን ነጋዴዎች ይጠይቁ፤ የትኛው ሹፌር በየሳምንቱ እንደሚመላለስና የትኛው ዕቃ እንደሚያጎድል ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በከተማው ያልተገኘ እንደሆነ ወረታ ይውረዱ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፎገራን ሩዝ ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑ መኪናዎች የሚሰበሰቡበት፣ ደረቅ ወደብም ያለበት ከተማ በመሆኑ ምርጫው ይሰፋል። ከእርስዎ በፊት ተዛውረው የሄዱ ባልደረቦችም ጥሩ ምንጭ ናቸው። የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ሠራተኞች በየዓመቱ ይነሣሉ፤ ለአንዱ ደውለው «ያንተን ዕቃ ማን ነበር ያደረሰው? ድጋሚ ብትነሣ እሱኑ ትጠራዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ሰው ሁሉ በሚነሣበት ጊዜ መኪና ይወደዳል። የመምህራን ዝውውር የሚበዛው ትምህርት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እሱም የጉና ተራራ ዝናብና ጭጋግ የሚበረታበት ወቅት ነው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ደግሞ መኪናው ሁሉ በግና በሬ ይጭናል። ከቻሉ ከነዚህ ቀናት ራቅ ይበሉ። ካልቻሉም መኪናው ባለፈው ጉዞ ምን ጭኖ እንደነበረ ይጠይቁ፤ ካሶኒው ውስጥ ገብተውም ያሽትቱ። የከብት ሽንት፣ ናፍጣ ወይም የሲሚንቶ ብናኝ ያለበት ካሶኒ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ፍራሽ አይጫንበትም።

ከደላላ ጋር ሲነጋገሩ

ደላላ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። መኪና የሚያውቅ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ደላላ ጊዜ ይቆጥባል፤ ድርሻውም ይገባዋል። ችግሩ ከዋጋው በፊት ቀብድ ሲመጣ ነው። ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

«ጋሼ፣ መኪናው እኮ ተገኝቷል። ሌላ ሰው ሳይወስደው ትንሽ ቀብድ ጣል ያድርጉና ላስቁምልዎ።»

«መኪናው የት ነው የቆመው?»

«መንገድ ላይ ነው፣ ማታ ይገባል።»

«እንግዲያው ማታ ሲገባ ደውልልኝ፤ መኪናውንም ሹፌሩንም በዓይኔ ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን።»

ከዚህ አይውጡ። ያላዩት መኪና ቀብድ አይከፈልበትም። የደላላውን ክፍያ ለብቻው ይነጋገሩ፤ የጭነቱን ዋጋ ግን ከባለመኪናው ወይም ከሕጋዊ ወኪሉ ጋር ይቁረጡ፤ ገንዘቡንም በእሱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስገቡ። ቢያንስ ከሦስት መኪና ዋጋ ይጠይቁ፤ ለሦስቱም ያንኑ ዝርዝር ያሳዩ። ከሁለቱ በጣም አንሶ የሚመጣ ሦስተኛ ዋጋ ደስ አያሰኝዎ። ወይ ሌላ ጭነት ሊደርብብዎት አስቧል፣ ወይ ግማሽ መንገድ ላይ «ነዳጅ አልቆብኛል፣ ጨምሩ» ሊል ነው። እኔን ቢጠይቁኝ የምመርጠው ቤት ድረስ መጥቶ፣ ዕቃውን አይቶ፣ የደረጃውንና የበሩን ስፋት ጠይቆ ዋጋ የሚናገረውን ነው። ሳያይ ዋጋ የሚጠራ ሰው ሲጭንም አያይም።

ወረቀቱን ያንብቡ

የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ይቀበሉና ፎቶውን ከፊቱ ጋር፣ ደረጃውን ከመኪናው ጋር ያስተያዩ። ቀጥሎ ሊብሬውን ይጠይቁ፤ በላዩ ያለው የባለቤት ስም ውል ከሚፈርመው ሰው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። የተለያየ ከሆነ ውክልናውን ይዩ። የሻሲና የሰሌዳ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። የንግድ መኪና በነባሩ አሠራር ኮድ 3 ነው፤ ኮድ 2 የለጠፈ የቤት መኪና ለኪራይ ከጫነዎት በመንገድ ሲያዝ የሚጉላላው የእርስዎ ዕቃ ነው። በመስታወቱ ላይ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን ይመልከቱ። ሁሉንም ፎቶ አንሥተው በሌላ ከተማ ላለ የቤተሰብ አባል ይላኩ። ሹፌሩ ይህን ሲከለክልዎት ምክንያቱን አይመራመሩ፤ ሌላ ይፈልጉ።

ከድርጅት ጋር የሚዋዋሉ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት ማረጋገጥ ይቻላል። ፈቃዱ ለዘንድሮ መታደሱን ይዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የሦስተኛ ወገን መድን በመንገድ ላይ ለሚጎዳ ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ካሶኒው ላይ ያለውን የእርስዎን ቡፌ አይሸፍንም። ዕቃዎ ውድ ከሆነ ለጉዞው ብቻ የሚገባ የጭነት መድን እንዳለ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ወይም ከግል ኩባንያዎች አንዱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ግጭትና ዝርፊያን ይሸፍን እንደሆነም ለይተው ይጠይቁ።

ውሉ እንዴት ይጻፋል

የቃል ውል በሰላም ጊዜ ይበቃል፤ ችግር ሲመጣ ግን ሹፌሩ የሚያስታውሰውና እርስዎ የሚያስታውሱት ይለያያል። ጠበቃ አያስፈልግም። አንድ ገጽ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ ሁለት ምስክር ያስፈርሙ። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦

«እኔ ________ የሰሌዳ ቁጥሩ ________ የሆነው አይሱዙ ባለቤት፣ ከዚህ ጋር በተያያዘው ዝርዝር ያለውን የቤት ዕቃ ከደብረ ታቦር ከተማ ቀበሌ ____ ተረክቤ በሹፌር ________ አማካይነት አዲስ አበባ ________ ክፍለ ከተማ ወረዳ ____ በሚገኘው ቤት ደጃፍ እስከ ________ ቀን ለማስረከብ ተስማምቻለሁ። ጠቅላላ ዋጋው ብር ________ ሲሆን ነዳጅን፣ የሹፌርና የረዳት አበልንና የመንገድ ክፍያን ሁሉ ያጠቃልላል። ብር ________ ጭነቱ እንዳለቀ፣ ቀሪው ብር ________ ዕቃው በዝርዝሩ ተቆጥሮ እንደተራገፈ ይከፈለኛል። አስጫኙ ሳይስማማ ሌላ ጭነት አልደርብም፣ ዕቃውንም ወደ ሌላ መኪና አላዛውርም። ከተጫነ በኋላ እስኪራገፍ ድረስ ለሚጠፋው ወይም ለሚሰበረው ዕቃ በዝርዝሩ በተጻፈው ግምት እከፍላለሁ።»

ክፍያው ላይ ይጽኑ። ነዳጅ መቅጃ መስጠት ግድ ነው፤ ሹፌሩም በባዶ ኪስ አይነሣም። ነገር ግን ግማሹ ወይም ከግማሽ የሚበልጠው እስኪራገፍ ድረስ እጅዎ ላይ ይቆይ። በአገሩ ሁሉ የሚሰማው ትልቁ በደል ሹፌር ከደረሰ በኋላ «ጨምሩ፣ አለዚያ አላወርድም» ሲል ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት በፌዴራል መንግሥቱ መመዝገብና የጽሑፍ ግምት መስጠት አለበት፤ በግምቱ ከተስማሙ በኋላ ዕቃውን ለማስረከብ ሲል ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ መጠየቅ በሕግ ተከልክሏል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያደርግልዎት የራስዎ ውል ነው። «ጠቅላላ ዋጋ» የሚለውን ቃልና በውስጡ ያለውን ዝርዝር ሳያስጽፉ አይፈርሙ።

ሕጉም ባዶ እጅዎን አልተወዎትም። ዕቃ በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አለ። አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበ ጀምሮ እስኪያስረክብ ድረስ ተጠያቂ ነው የሚለው መርህ ደግሞ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ የታወቀ ነው። ዳኛ ፊት ይህን ሕግ ሕይወት የሚሰጠው ግን የተፈረመው ዝርዝር ነው።

አንድ ሌላ አንቀጽ ይጨምሩ፦ መንገድ ቢዘጋስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገዶች ለቀናት የሚዘጉበት ጊዜ በዝቷል። የቆመ መኪና በየቀኑ ወጪ አለበት፤ ይህን ወጪ ማን እንደሚችለው ካልተጻፈ ጠቡ በመንገድ ላይ ይጀመራል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ቀን በባለመኪናው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በየቀኑ ይህን ያህል ብር በአስጫኙ ብለው በቁጥር ይወስኑ። ሹፌሩም ከመኪናው ጋር የሚያድር ሰው ነውና የሚበላበት ሊታሰብለት ይገባል።

የትኛው መንገድ

ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ የተለመደው በወረታ፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ በደጀን ዓባይን የሚሻገረው ነው። ሌላው በነፋስ መውጫ፣ በጋሸና ወልድያ ወጥቶ በደሴና በደብረ ብርሃን የሚመጣው ሲሆን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሰላሙ ጊዜ የመጀመሪያውን ያለ ክርክር ይመርጣሉ። አሁን ግን የትኛው ክፍት እንደሆነ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ ከመጫንዎ በፊት ባለው ማታ ያን ዕለት ከመንገዱ የገባ ሹፌር ፈልገው ይጠይቁ። የሦስት ቀን ወሬ አይጠቅምም።

ይህ አገር ከባድ ጓዝ ማንሣትን ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያኑን ባለ እጆች አስቀምጠው 70 ኩንታል ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ያን መድፍ በጨጨሆና በደላንታ በኩል እያስጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ወሰደባቸው። ከጉዞው ጊዜ አብዛኛውን የበላው መንገዱን መጥረግ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ገደሉን አስቆርጠው፣ ቁልቁለቱን አስተካክለው ነው መድፉን ያስከተሉት። መንገዱ ሳይጠረግ መድፉን አላሳለፉም። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

የእርስዎ መንገድ የሚጀምረው ከደጃፍዎ ነው። በጋፋት በኩል ከአስፋልቱ ገባ ያለ ቤት ካለዎት ክረምት ላይ የተጫነ ኤፍ ኤስ አር ጭቃው ሊይዘው ይችላል። ሹፌሩ ቀድሞ መጥቶ መግቢያውን ይይ፤ የማይገባ ከሆነ ዕቃውን በጋሪ ወይም በትንሽ መኪና እስከ አስፋልት ማውጣት ለብቻው ወጪ ነው፣ ቀድሞ ይታሰብ። የመብራት ሽቦው ዝቅ ብሎ የተዘረጋበት መንደር ከሆነም ቁም ሣጥን በላዩ የቆመ ጭነት አያልፍም።

ሲጫን ከአጠገቡ አይራቁ

ሸራውን ከሁሉ በፊት ይመርምሩ። ዘርግተው ሁለት ሰው ከፍ አድርጎ ይያዘው፣ እርስዎ ከሥሩ ገብተው ወደ ፀሐይ ቀና ብለው ይመልከቱ። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበራ ነጥብ ሁሉ በመንገድ ላይ ዝናብ ሲመጣ ውኃ የሚገባበት ነው። ቀዳዳ የበዛበት ሸራ ካለ ሌላ ይከራዩ ወይም ከሥሩ ላስቲክ ያነጥፉ። ገመዱ በቡፌው ጠርዝ ላይ በሚያርፍበት ሁሉ የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ፤ ካልሆነ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ እንጨቱን ይቆርጠዋል።

ከባድ ዕቃ ከታችና ወደ ጋቢናው በኩል ይሁን። ማቀዝቀዣ ቆሞ ይጫን፤ ተኝቶ ከሄደ ዘይቱ ወደ ቱቦው ይፈሳል። በማቀዝቀዣውና በቡፌው መካከል ፍራሽ ይግባ፤ የቴሌቪዥን መስታወት ወደ ፍራሹ ይዙር። ጋንና እንስራ በገለባ በተሞላ ሳጥን ወይም ጆንያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሆዱም ውስጥ ልብስ ይጠቅጠቅ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው በንዝረት ይሰነጠቃልና ከሥሩ ወፍራም ብርድ ልብስ ይደረግለት፣ በላዩ ምንም አይጫን። ሞሰብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሁሉ በላይ ይውጣ፤ ውኃ የነካው ስፌት ቀለሙን ይለቃል።

ቅቤ የሚልኩ ከሆነ ያስቡበት። ደብረ ታቦር ላይ ድንጋይ የመሰለው ቅቤ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ይቀልጣል፤ ክዳኑ ካልጠበቀ ልብሱን ሁሉ ያበላሻል። ክዳኑ በብሎን በሚጠብቅ የፕላስቲክ ባልዲ ይግባ፣ ባልዲውም ለብቻው ቆሞ ይታሰር። ማርም እንዲሁ። አረቄን በጠርሙስ አይላኩ። የጋዝ ሲሊንደር ባዶ ይሁን፤ ቤንዚንና ናፍጣ ከቤት ዕቃ ጋር ፈጽሞ አይጫን።

ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መድኃኒትና ላፕቶፕ ከእርስዎ ጋር ይሂዱ። የሚሸኝ ሰው ካለ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፤ ጭነት ላይ ሰው አይውጣ፣ ሕፃን ደግሞ በምንም ምክንያት።

ጭነቱ በዋዜማው ቢያልቅና መኪናው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢነሣ ጥሩ ነው። ታዲያ ሌሊቱን የተጫነው መኪና የት ያድራል? ዘበኛ ባለበት ግቢ ካልሆነ ጠዋት ተነሥቶ መጫን ይሻላል። በመንገድም ከመሸ ጉዞ እንዳይኖር፣ ሹፌሩ የሚያድርበትን ከተማ ቀድሞ ይንገርዎት፤ ማታ ሲደርስና ጠዋት ሲነሣ ይደውል።

ጫኝና አውራጅ የሚከፈለውን በሁለቱም ጫፍ አስቀድመው ይቁረጡ። አዲስ አበባ ላይ መኪናው ሲቆም ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ወጣቶች ተሰብስበው የጭነቱን ዋጋ ግማሽ የሚያህል ሊጠይቁ ይችላሉ። ከመድረስዎ በፊት ዘመድ ወይም የሚከራዩት ቤት ባለቤት የአካባቢውን ማኅበር አነጋግሮ ዋጋ ይቁረጥልዎ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ለኮሚቴው ቀኑን ያስታውቅ፣ የደረጃውን ስፋት ይለካ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ በደረጃው የማይዞርበት ብሎክ ብዙ ነው።

ሲደርስ

አዲስ አበባ የጭነት መኪና በቀን በከተማው እንዳይዘዋወር የምትገድብበት ሰዓት አላት። ቀትር ላይ ሱሉልታ የደረሰ መኪና እስኪመሽ ሊቆም ይችላል፤ ማራገፉም በሌሊት ይሆናል። ሹፌሩ ይህን ያውቃል፣ እርስዎ ግን ካልጠየቁት አይነግርዎትም። ስለዚህ የሚራገፍበትን ሰዓት ውሉን ሲፈርሙ ይነጋገሩ፤ አምፖልና የሚያግዝ ሰው ያዘጋጁ።

ዝርዝሩን ይዘው በካሶኒው በር ይቁሙ። የወረደውን አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉበት። የጎደለ ወይም የተሰበረ ካለ ሹፌሩ ባለበት ፎቶ ያንሡ፣ በሁለቱም ቅጂ ላይ ይጻፉት፣ ያስፈርሙት፤ ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ። ብዙ ሹፌሮች ጨዋ ናቸው፤ የተሰበረውን አይተው ራሳቸው ዋጋ ይቀንሳሉ። አልስማማም ያለ እንደሆነ የውሉን ቅጂና ፎቶውን ይዘው ለአካባቢው ፖሊስ ያመልክቱ፤ ካሳው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ሌሊት መንገድ ዳር ቆሞ በጩኸት የሚፈታ ነገር የለም።

ሁሉም ከተሟላ ቀሪውን ወዲያው ይክፈሉ፤ ደክሞ ለመጣ ሰው «ነገ ና» አይባልም። ደረሰኝ ይቀበሉ። መሥሪያ ቤትዎ አዛውሮዎት ከሆነ የጓዝ ማንሻ ሊከፍልዎ ይችላልና ከመነሣትዎ በፊት ፋይናንስ ክፍሉን ምን ዓይነት ደረሰኝ እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ በተራ ወረቀት የተጻፈውን የማይቀበል ብዙ ነው። ማቀዝቀዣውን ከመሰካትዎ በፊት ግማሽ ቀን ያህል ቆሞ ይረፍ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ማን የታመነ ሹፌር እንደሆነ የሚመዘግብ ቢሮ የለም። ዕቃዎን በሰላም ያደረሰልዎትን ሰው ስሙንና ስልኩን፣ እሱ ከፈቀደ፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚነሣው ባልደረባዎ ይስጡ፤ የከፈሉትንም ዋጋ ሳይደብቁ ይንገሩት። በደል ደርሶብዎት ከሆነም እንደዚያው ይንገሩ።